ሴባስቶፖልን ማን ጎተተው?

ውጭ አገር የሚኖር አንድ ወዳጄ ሰሞኑን በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። አገሩ ሰላም ሲሆን ፒካፕ ገዝቶ፣ ከኋላው አልጋ ያላት ትንሽ ተሳቢ አስሮ፣ ከደብረ ታቦር መቅደላ ድረስ መሄድ ያምረዋል። «የቱ መኪና ይችለዋል?» ነው ጥያቄው። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ግን በዚያ መስመር ከሱ በፊት ከባድ ነገር የጎተቱ ሰው ስላሉ የእሳቸውን ነገር ልንገራችሁ።

አጼ ቴዎድሮስ ናቸው። ከደብረ ታቦር ብዙም በማይርቀው ጋፋት ሚስዮናውያኑን እነ ዋልድማየርን፣ እነ ሞሪትዝ ሆልን አስቀምጠው መድፍ አሠሩ። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሽፈዋል፤ ኋላ ግን ትልቁ ሞርታር ወጣ። ስሙንም ከክራይሚያው ጦርነት ወስደው ሴባስቶፖል አሉት። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው። ጥሩ ይዞታ ላይ ያለ የዘመኑ ሃይሉክስ ፍሬን ያለው ተሳቢ እስከ 3.5 ቶን እንዲጎትት ይፈቀድለታል። እንግዲህ ሁለት ሃይሉክስ ብትደርቡም እንኳ የመጨረሻ አቅማቸው ላይ ናቸው፤ ያውም በአስፋልት!

በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ሲጠባ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወጡ። ይህቺን ነገር ሴባስቶፖልን ስናወድስ ዘለል እናደርጋታለን፤ እኔ ግን የዚህ አገር ልጅ ነኝና አልዘላትም። ከዚያ በፊት በጌምድር ተዘርፏል፣ ጎንደርም ነዷል። በዚያን ጊዜ ንጉሡ የሚያዙት ሠራዊታቸው የሰፈረበትን መሬት ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሠራዊቱም በየቀኑ ይከዳል። ያንን ሁሉ ብረት በሰረገላ ላይ ጭነው፣ ጋፋት የነበሩትን ፈረንጆችና እስረኞችን አስከትለው፣ ጉዞ ወደ መቅደላ ሆነ።

ጎታቹ ሰው ነው። በመቶ የሚቆጠር ወታደር ጠፍር ትከሻው ላይ አድርጎ።

ግን ዋናው ሥራ መጎተቱ አልነበረም። መንገድ የሚባል ነገር የለም! ከጉና ግርጌ ተነስቶ በጨጨሆ፣ ከዚያ በዋድላ በኩል፣ ቀጥሎ የጅዳ ገደል፣ ደላንታን አልፎ ደግሞ የበሽሎ ገደል። የጅዳ ሸለቆ ከአፋፉ እስከ ወንዙ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ሰረገላ እዚያ ቁልቁል ለመውረድ ዓለት መፈልፈል፣ ዛፍ መቁረጥ፣ ጠመዝማዛ መደልደል ነበረበት። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ ይሠሩ እንደነበር አብረዋቸው የነበሩት ፈረንጆች ጽፈዋል። ሞርታሩ መቅደላ ግርጌ የደረሰው በመጋቢት ነው። ደብረ ታቦርና መቅደላ በቀጥታ መስመር ቢለኩ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። በዚያ ሒሳብ በቀን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም።

በዚህ መሃል ናፒየር ከዙላ ተነስቶ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ እየገሰገሰ ነበር። እሱ ከህንድ 44 ዝሆኖች አምጥቷል፤ መድፉ በዝሆን ጀርባ ነው የሚሄደው። የሚገርመው ግን ዋድላ ሲደርስ ምን አገኘ? የተዘጋጀ መንገድ! ቴዎድሮስ ለሴባስቶፖል በላባቸው ያስጠረቡትን የጅዳንና የበሽሎን ቁልቁለት የእንግሊዝ ጦር ወርዶበት መጣ። መኮንኖቹም የሥራውን ጥራት ሳያደንቁ አላለፉም። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴን ይበላኛል። ጠላት መምጫውን በገዛ እጃችን ጠረብንለት ማለት እኮ ነው። ንጉሡ ሞርታሩን ጋፋት ጥለው፣ ሰዉን ይዘው ቀድመው መቅደላ ቢገቡ ኖሮስ? ብዙ ሰው የሚለወጥ ነገር የለም ይላል። እኔ እንጃ። ስድስት ወር ሙሉ ጠፍር የጎተተ ወታደር ግን በሚያዝያ 3 አሮጌ ላይ እንዴት ባለ ጉልበት ሊዋጋ ይችል እንደነበር አስቡት። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡ ሽጉጣቸውን ጠጡ።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። ዛሬ በጉና ግርጌ፣ በንፋስ መውጫና በጨጨሆ አድርጎ ጋሸና የሚያደርስ፣ እኛ «የቻይና መንገድ» የምንለው አለልህ። የአንተ ተሳቢ አንድ ቶን ተኩል ብትሆን ነው፤ ደህና ናፍጣ ደብል ጋቢና ሁሉ ይስባታል። ቱርቦ ያለው ይሁን፤ ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። ዳገቱን ግን አትፍራው፤ ቀስ ብለህ ትወጣዋለህ። ቁልቁለቱን ነው የምልህ። ተሳቢዋ የራሷ ፍሬን ይኑራት፣ አንተም በከባድ ማርሽ ውረድ፤ ፍሬን ብቻ እየረገጥክ ከወረድክ ይግልና እምቢ ይልሃል።

መቅደላ ስትደርስ ሴባስቶፖልን እዚያው አምባው ላይ ታገኘዋለህ። አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ ያለው አምሳያው ነው። እንግሊዞቹ የመቅደላን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ሄዱ፤ ሴባስቶፖል ግን እዚያው ቀረ።