ፕላቲኒየሙን የተሸከመው ጥላሸት

የፊውል ሴል ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ የሚወደሰው ፕላቲኒየም ነው። ውድ ነውና ስሙ ይቀድማል። በእኛ አስተያየት ግን ይህን መሣሪያ ከጠፈር ወደ መንገድ ያወረደው እናቶቻችን ከድስት ቂጥ በአመድ ፈትገው የሚያስለቅቁት ጥላሸት ነው። እንዴት ቢሉ፣ ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

ዊሊያም ግሮቭ ዌልስ ውስጥ የተወለደ ጠበቃ ነበር፤ ኋላም ዳኛ ሆኗል። በ1842 የፕላቲኒየም ዝርግ አሲድ ባለበት ውሃ ነክሮ፣ በአንዱ ወገን ሃይድሮጅን በሌላው ኦክሲጅን ሰጥቶ ኤሌክትሪክ አገኘ። ዋናው ችግር ያኔውኑ አልተሰወረውም፤ ሥራው የሚካሄደው ጋዙ፣ ፈሳሹና ብረቱ በሚነካኩበት ጠባብ ዳርቻ ብቻ ነው። የተቀረው ፕላቲኒየም ሥራ ፈት ነው።

በ1965 ጀሚኒ 5 የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ፊውል ሴል ይዛ መጠቀች። ከፋዩ መንግሥት ስለነበር ዋጋው ብዙ አላስጨነቀም። ለተራው ሰው ግን ሌላ ነው። በአገራችን፣ ወለጋ ውስጥ ዩብዶ ላይ ከ1920ዎቹ ጀምሮ አፈር እየታጠበ የተለቀመው ይኸው ብረት ነው፤ ለአንድ ግራም ስንት አፈር እንደሚታጠብ በዚያ የደከመ ያውቀዋል።

አንድ ግራም ፕላቲኒየም እንደ ጠጠር ቢድቦለቦል የውጭ ገጽታው አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ያንኑ ግራም 3 ናኖሜትር ስፋት ወዳላቸው ፍርፋሪዎች ብንበትነው (ናኖሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ገጽታው 90 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። ፍርፋሪዎቹ ብቻቸውን ከተተዉ ግን ተጣብቀው ይጓጉላሉ። ለየብቻ የሚይዛቸውና ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ መደብ ያሻል። ጥላሸት የገባው እዚህ ላይ ነው፤ ዘይት በጎደለ አየር ሲቃጠል የሚገኘው፣ የመኪና ጎማና የማተሚያ ቀለም የሚያጠቁረው ካርቦን።

በ1970ዎቹ ፎስፎሪክ አሲድ በሚጠቀሙት ፊውል ሴሎች ተሠራበት። በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ ኒው ሜክሲኮ፣ ሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ኢያን ሬይስትሪክና ባልደረቦቹ ፕላቲኒየም የተነሰነሰበትን ጥላሸት ናፊዮን በተባለው ፕላስቲክ ሟሟ አራሱት። በካሬ ሴንቲ ሜትር 4 ሚሊግራም ይፈልግ የነበረው ፕላቲኒየም ወደ 0.4 ወረደ። አንድ አሥረኛ! ቶዮታ በ2014 ሚራይ የተባለችውን መኪና ለገበያ ያበቃው በዚህ በተጠረገ መንገድ ነው።

ጥላሸቱም ዕዳ አለበት። መኪናው በተነሳና በቆመ ቁጥር በሚፈጠረው ከፍ ያለ ቮልቴጅ ካርቦኑ ቀስ እያለ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል፤ መደቡ ሲበላ ፕላቲኒየሙ ይረግፋል። ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ በ1991 የገለጻቸው፣ እንደ ሰሌን የተጠቀለሉት የካርቦን ናኖቲዩቦች ቶሎ አይበሉም። ዳሩ ግን ልሙጥ ናቸውና ፕላቲኒየሙ አይዝላቸውም። በአሲድ ሲሻከሩ ይይዛሉ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለመበላት ይጋለጣሉ። ቲታኒየም ኦክሳይድም ተሞክሯል፤ መበላቱን ይቋቋማል፣ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ላይ ግን ደካማ ነው። ስለዚህ ዛሬም መኪና ላይ የሚገጠመው ፊውል ሴል ፕላቲኒየሙን ካርቦን አሸክሞ ይሄዳል።