«አውሬው መቼ ነው የሚወጣው?»፦ ርካሽ ተከታይ ፊልሞች በሆሳዕናና በአካባቢዋ ቪዲዮ ቤቶች ሚዛን

በአነስተኛ በጀት የሚሠሩ የአውሬ ፊልሞች ተከታይ ክፍሎች አፍቃሪዎቻቸውን ያረካሉ ወይ? ሐያስያን ይህን ጥያቄ ሲያነሡ በአእምሯቸው የሚይዙት ተመልካች አንድ ዓይነት ነው፤ ቁጥር አንድን ሲኒማ ቤት ገብቶ ያየ፣ የተዋናዮቹን ስም የሚያውቅ፣ ቁጥር ሁለት እስኪወጣ ዓመታት የጠበቀ። በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾ ወይም በአንጋጫ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ያደገው ተመልካች ከዚህ ሰው ጋር የሚጋራው ጥቂት ነው። ቁጥር ሁለት ቀድሞ ሊደርሰው ይችላል፤ ቁጥር አንድን ከዓመት በኋላ ያገኘዋል፣ ወይም ጭራሽ አያገኘውም። ፊልሙ የሚናገረው እንግሊዝኛ ነው፤ አግዳሚው ላይ የሚወራው ሀዲይኛ፣ ከምባትኛና አማርኛ ነው። «ለመጀመሪያው ታሪክ ታማኝ ነው ወይ?» የሚለው መለኪያ እዚህ ብዙም አይሠራም። የሚሠራው ሌላ ነው፤ በእኔ እምነት ከሐያስያኑም መለኪያ ይሻላል፦ አውሬው መቼ ነው የሚወጣው?

ቪዲዮ ቤት ያልደረሰበት ወጣት አንባቢ ስለሚኖር ባጭሩ ላስታውስ። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ በሩ ላይ ብርሃን የሚከለክል ጥቁር መጋረጃ፣ ከፊት ለፊት ከፍ ብሎ የተቀመጠ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ መጀመሪያ የካሴት ማጫወቻ፣ በኋላ ዲቪዲ። ደጃፉ ላይ የዕለቱ ፊልሞች በጠመኔ የተጻፉበት ጥቁር ሰሌዳ ይቆማል። ክፍያው መጀመሪያ ሳንቲም፣ በኋላ ብር ነበር። ስሙ መልካም አልነበረም፤ ባለሥልጣን ሲገሥጽ ከጫት ቤትና ከሺሻ ቤት ጋር አንድ ላይ ይጠራው ነበር፤ የአካባቢው ጸሎተኛ ወላጅም ልጁ እዚያ መገኘቱን አይወድም። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ የአዲስ አበባ የመጀመሪያ ሲኒማም «ሰይጣን ቤት» ተብሎ ነበር።

ቪዲዮ ቤቱ የራሱ የሂስ ቋንቋ ነበረው። ጀግናው «አክተር» ነው፣ ባላጋራው «ቦስ»፤ ሁሉም የተስማማበት ሕግ ደግሞ «አክተር አይሞትም» የሚል ነው። የአውሬ ፊልም ይህን ሥርዓት በከፊል ይገለብጠዋል። ቦሱ አውሬው ነው፤ ብሩ የተከፈለውም ለእሱ ነው። ቀድሞ ያየው ልጅ «አሁን ይመጣል፣ ጠብቅ» እያለ ለጎረቤቱ ይተርካል። ተናጋሪዎቹ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሲመካከሩ አዳራሹ ይንጫጫል፤ ውኃው ሲናወጥ ጸጥ ይላል።

የርካሽ ተከታይ ፊልም ችግር የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። በአውሬ ፊልም ውስጥ ገንዘብ የሚበላው አውሬው ነው፤ ርካሹ ነገር ወሬ ነው። በጀት ሲቀነስ አውሬው ይደበቃል፣ ቦታውን ንግግር ይይዘዋል። ልማዱ የቆየ ነው። «ኪንግ ኮንግ» እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1933 ወጣ፤ «የኮንግ ልጅ» የተባለው ተከታይ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ፣ ከግማሽ በታች በሆነ ወጪ ተሠርቶ ደረሰ። ዝንጀሮው አንሷል፣ ብቅ የሚለውም የሰባ ደቂቃው ፊልም ከተጋመሰ በኋላ ነው። እንግሊዝኛ የሚሰማ ሰው እስከዚያ ቢያንስ በንግግሩ ይጽናናል። የሆሳዕናው ተመልካች ይህ መጽናኛ ስለሌለው ጉድለቱን ከማንም ቀድሞ ያየዋል። ቋንቋውን አለመስማቱ ከሐያሲነት የሚያጎድለው ይመስላል፤ እንዲያውም የተሳለ ሐያሲ ያደርገዋል ብዬ የምከራከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ድህነቱን በብልሃት የተወጣ ተከታይ አለ፤ ብዙ ልቆይበት የምፈልገውም እሱ ላይ ነው። በ1990 የወጣው «ትሬመርስ» (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) በኔቫዳ በረሃ ከመሬት በታች እየሰረሰሩ በኮቴ ንዝረት ሰው የሚያድኑ ግዙፍ ትሎችን ያሳያል። ስድስት ዓመት ቆይቶ ሁለተኛው ክፍል በቀጥታ ለቪዲዮ ገበያ ሲሠራ ከመጀመሪያው ክፍል ተዋናይ ከኬቨን ቤከን ጋር ገንዘቡም ሄዷል። ደራሲዎቹ ትሉን አልደበቁትም፤ ለወጡት። ፊልሙ መካከል ላይ ከትሉ ሆድ በሁለት እግር የሚሮጡ ትንንሽ አውሬዎች ይወጣሉ። እነዚህ አይሰሙም፣ የሚያድኑት በሙቀት ነው፤ በልተው ሲጠግቡም ይራባሉ። ትንሽ አውሬ ለመሥራት ይቀላል፣ ደጋግሞ ለማሳየትም ያመቻል። የገንዘብ እጥረቱ በዚህ መንገድ የታሪኩ ሞተር ሆነ። አንድ ትዕይንት ብቻ ላንሣ፦ አክተሩ በአውሬዎቹ መካከል ማለፍ አለበት፤ የእሳት ማጥፊያ አንሥቶ ገላውን በቀዝቃዛው ጭስ ያለብሳል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ይራመዳል። ለዚህ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። ሕጉን ዓይን ተምሮታል፤ ሕጉን የተማረ ተመልካች ደግሞ ሲጣስም ሲከበርም ያውቃል። የመጀመሪያውን ክፍል ያላየ ሰው እንኳ ከፊልሙ የሚጎድለው ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ የተከተሉት ክፍሎች አንድ ዓይነት ዕድል አልገጠማቸውም። በ2001 አውሬው ክንፍ አወጣ፤ በ2004 ታሪኩ ወደ 1889 ተመለሰ። አምስተኛው፣ የ2015ቱ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀረጸ፣ ታሪኩም እዚያው የሚፈጸም ነው። ለሀዲያና ለከምባታ ቤተሰብ ይህ አገር ሩቅ ስም አይደለም፤ ወንድም ወይም አጎት ሱቅ የከፈተበት፣ ብር የሚላክበት፣ አንዳንዴም መርዶ የሚመጣበት ነው። በ2020ው ሰባተኛ ክፍል ደግሞ በሁሉም ክፍሎች ውስጥ የተጫወተው ተዋናይ፣ የማይክል ግሮስ ዋና ገጸ ባሕርይ፣ በርት፣ ይሞታል። ሕጉ ተጣሰ፤ አክተር ሞተ። ሰባት ክፍል ሙሉ ያልተቋረጠው ብቸኛ ክር ግሮስ ስለነበር፣ የቪዲዮ ቤት ልጅ ቅር ቢለው ትክክል ነው።

«አናኮንዳ» ግን መለኪያዬን ራሱን እንዳርም ያስገድደኛል። የ1997ቱ ፊልም ከኮምፒውተር ሥዕሉ ጎን በማሽን የሚንቀሳቀስ ግዙፍ እባብ ነበረው፤ ጀልባውን ሲመታ እንጨቱ ይሰነጠቃል፣ ውኃው ይፈነጠቃል። የ2004ቱ ተከታይ አንድም የቀድሞ ተዋናይ የለውም፤ ታሪኩን ቦርኒዮ ላይ አድርጎ ፊጂ ተቀረጸ፣ አናኮንዳ ግን የደቡብ አሜሪካ እባብ ነው። ይህ ስህተት አግዳሚው ላይ ማንንም አያስቆጣም። በ2008 እና በ2009 ለቴሌቪዥን ጣቢያ ሩማንያ ውስጥ የተቀረጹት ሦስተኛውና አራተኛው ክፍል እባቡን ለማሳየት አይሰስቱም። ሆኖም ክብደት የለውም፤ ሣሩ ላይ ሲሄድ ሣሩ አይተኛም። «ፎርጅድ!» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። እንግዲህ መውጣቱ ብቻ አይበቃም፣ የነካው ነገር መነካቱን ማሳየት አለበት። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ የሚያሳየውን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያውቅ ተመልካች ይህን መጠየቁ አይገርምም፤ እዚያ ዘንዶው ከራስ እስከ ጅራት ይታያል፣ ጦሩም ገብቶበታል።

ርካሽነቱ ራሱ ያረካል የሚሉ አሉ፤ ማስረጃቸውም ከ2013 እስከ 2018 ስድስት ጊዜ የተሠራው «ሻርክናዶ» ነው። ተመልካቹ የሚደሰተው በፊልሙ ላይ በመሳቅ ነው ይላሉ። ይህ ግን ፊልም ለሞላው ሰው የተሰጠ ደስታ ነው። ከኪሱ ብር ቆጥሮ የገባ ልጅም ይስቃል፤ ሲወጣ ግን ተበላሁ ይላል።

ዲሽ ሲገባ ቪዲዮ ቤቱ ተዳከመ። ኤምቢሲ 2 የአሜሪካ ፊልሞችን ከዐረብኛ ጽሑፍ ጋር ያለ ክፍያ ወደ ሳሎን አመጣ፤ ቀጥሎ ፊልም በፍላሽና በስልክ ማስጫን መጣ። ንግግሩ አሁንም በማይሰማ ቋንቋ ነው፤ የተለወጠው የተመልካቹ ሥልጣን ነው። ስልክ የያዘ ወጣት ወሬ ሲበዛ በጣቱ ያሳልፋል፣ አውሬው ሲመጣ ያቆማል። አዳራሹ በጩኸት የሚሰጠውን ፍርድ ጣቱ ይሰጣል። የአማርኛ ፊልም ሠሪዎቻችን ከፍቅር ኮሜዲ ወጥተው ጭራቅ ለመሥራት እምብዛም አልደፈሩም፤ የሚደፍር ሰው ቢመጣ ግን ገበያው የሚፈርድበት በዚሁ ሕግ ነው።

ለጥያቄው መልሴ ይህ ነው፦ ርካሽ ተከታይ ፊልም ያረካል፣ ገንዘቡን ከአውሬው ላይ ቀንሶ ወሬ ላይ እስካላዋለ ድረስ። የሲኒማ ታሪካችን እስካሁን በብዛት የተጻፈው ከአዲስ አበባ አዳራሾች አንጻር ነው። ሆሳዕና ላይ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የቪዲዮ ቤት ባለቤቶች፣ ሰሌዳ ጻፊዎችና «አሁን ይመጣል» ባዮች በየከተማው በሕይወት አሉ። የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎቹ መቅረጫ ይዘው ይሂዱላቸው።