መቶ አምሳ ሚስቶች የነበሯቸው ጳጳስ

ርእሱን ስታነቡ ቀልድ ወይም ሐሜት ሊመስላችሁ ይችላል። እንደሚታወቀው የካቶሊክ ጳጳስ ሚስት አያገባም። እኚህ ሰው ግን በአንድ ሕዝብ ሕግ መሠረት 150 ሚስቶች ነበሯቸው። እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ጀምረን እንመልከት። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍራንሷ ግዜል በ1872 ዓ.ም. ዛሬ በፈረንሳይ ውስጥ በሚገኘው በአልሳስ ተወለዱ። በ1896 ቅስና ተቀብለው ወደ አውስትራሊያ፣ ቀጥሎም ወደ ፓፑዋ ተላኩ። በ1906 በአውስትራሊያ ሰሜን የሚገኘው ግዛት የካቶሊክ ሚሲዮን ኃላፊ ሆነው ዳርዊን ወደተባለችው የወደብ ከተማ መጡ። በ1911 ደግሞ ከዳርዊን በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር ተሻግረው በባተርስት ደሴት ላይ ሚሲዮን መሠረቱ። የደሴቱ ሰዎች ቲዊ ይባላሉ። በአደን፣ ዓሣ በማስገርና ሥራ ሥር በመልቀም የሚኖሩ፣ የራሳቸው ቋንቋና ሥርዓት ያላቸው ሕዝብ ናቸው።

በቲዊ ሥርዓት ባል የሌላት ሴት መኖር የለባትም ነበር። ሴት ልጅ ስትወለድ፣ አንዳንዴም ገና ሳትወለድ፣ ለባል ትታጫለች። ባሏ ቢሞት ወዲያውኑ ለሌላ ትሰጣለች። ስለዚህ አንድ የተከበረ ሽማግሌ ብዙ ሚስቶች ሲኖሩት፣ ወጣቱ ወንድ ዕድሜው እስኪገፋ ድረስ ሚስት አያገኝም። በአገር ቤት ልጅን በሕፃንነት ማጨትን የምታውቁ ወላጆች ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንባችሁም።

በ1921 አንዲት ልጅ ከታጨችለት ሽማግሌ ሸሽታ ሚሲዮኑ ገባች። ወንዶቹም ሊወስዷት መጡ። አባ ግዜል ምን ያድርጉ? ልጅቷን ቢደብቁ የሕዝቡን ሕግ ጥሰው ጠብ ያስነሣሉ፤ ቢሰጧት ደግሞ እንባዋን ረግጠው ያልፋሉ። ሦስተኛ መንገድ መረጡ። እንደ ብርድ ልብስ፣ ዱቄት፣ ቢላዋና ትንባሆ ያሉ ዕቃዎችን አቀረቡና በዚህ ዋጋ ስጡኝ አሉ። ወንዶቹ ተመካክረው ተስማሙ። ልጅቷም በሕጋቸው የአባ ግዜል ሚስት ተባለች፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሊወስዳት አይችልም።

ወሬው ሲሰማ ሌሎች አባቶችም ሴቶች ልጆቻቸውን ያመጡ ጀመር። ልጆቹን የሚያሳድጓቸውና የሚያስተምሯቸው መነኮሳይያት ነበሩ። ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ ግን ከወጣቶቹ መካከል የሚወዱትን መርጠው፣ አንድ ለአንድ ተጋብተው ቤት ያቆማሉ። ቁጥራቸው 150 የደረሰው እንዲህ ነው። አባ ግዜል በ1938 የዳርዊን ጳጳስ ሆኑ፤ በ1948 ሥራቸውን ለቀው በ1960 በሲድኒ አረፉ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ የምስጋና ታሪክ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ሁለተኛም ገጽ አለው። ልጃገረዶቹ ያደሩት በእናታቸው እሳት ዙሪያ ሳይሆን በሚሲዮኑ ማደሪያ ነበር፤ ትምህርታቸውም በእንግሊዝኛ ነበር። ከዚህ የባሰው ደግሞ ጳጳስ ከሆኑ በኋላ መጣ። በአጠገቡ ባለው በሜልቪል ደሴት፣ ጋርደን ፖይንት በተባለ ስፍራ ቤተ ክርስቲያኗ ሌላ ሚሲዮን ከፈተች። ወደዚያ የተላኩት እናታቸው አቦሪጂናል፣ አባታቸው የሌላ ዘር የሆነ ልጆች ሲሆኑ፣ በመንግሥት ሕግ ከእናቶቻቸው እቅፍ የተነጠቁ ነበሩ። ብዙዎቹ ያደጉት የእናታቸውን ቋንቋ ሳያውቁ ነው። በመላ አገሪቱ በእንደዚህ ያሉ ልጆች ላይ ስለደረሰው በደል፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቪን ራድ በየካቲት ወር 2008 በፓርላማ ፊት ይቅርታ ጠየቁ።

እንግዲህ አባ ግዜልን ምን እንበላቸው? ደግ ሰው ወይስ በዳይ? ለእኔ ሁለቱንም አብሮ ማስታወስ ይሻላል። ለሸሸችው ልጅ ሲደርሱላት የሕዝቡን ሕግ አክብረው፣ ሽማግሌዎቹን አነጋግረው፣ በእነርሱው ደጃፍ ገብተው ነው። ስለዚህም ልማዱ ያለ ደም ተለወጠ። ጋርደን ፖይንት ላይ ግን እናቶቹን የጠየቀ አልነበረም። ለልጁ ይበጀዋል ተብሎ ከወላጁ ተለየ፤ ቁስሉም እስከ ልጅ ልጅ ዘለቀ።

የቲዊ ሕዝብ ዛሬም በደሴቶቹ ላይ ይኖራል። በ1978 መሬታቸው በሕግ በእጃቸው ተመለሰ። የድሮው የጋብቻ ሥርዓት አልፏል፤ ቋንቋቸው ግን እስከ ዛሬ ይነገራል። ይሁንና ወጣቶቹ የሚናገሩት ከአያቶቻቸው አነጋገር እየራቀ በመሄዱ፣ ሽማግሌዎቹ የሚሉትን ሁሉ መከተል ይቸግራቸዋል።

ውድ ወላጆች፣ ልማድ መለወጡ አይቀርም፤ መለወጥ ያለበትም አለ። ሲለወጥ ግን ወላጅ ይጠየቅ፣ ልጅም ከወላጁ ጋር የሚነጋገርበትን ቋንቋ አይጣ። ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ይህን ታሪክ ለልጆቻችሁ በአፋችሁ ቋንቋ ንገሯቸውና እነርሱስ ምን እንደሚሉ አድምጧቸው።