የዘወትር እንቅስቃሴና ሥነ ሕይወታዊ እርጅና በወረኢሉ ደጋ

ሥነ ሕይወታዊ ዕድሜ የሚባለው ከልደት ጀምሮ የተቆጠረው ዓመት ሳይሆን ሕዋሳትና የአካል ክፍሎች የደረሱበት የእርጅና ደረጃ ነው። እኩል 70 ዓመት ከሞላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ዳገት ሲወጣ ሌላው ከመደብ ለመነሣት ደጋፊ ይሻል። ተመራማሪዎች ልዩነቱን በልብና በሳንባ አቅም፣ በጡንቻ ብርታት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ስቲቭ ሆርቫት ባስተዋወቀው፣ በዲኤንኤ ላይ ያሉ ኬሚካዊ ምልክቶችን በሚያነብ ስሌትም ይለካሉ።

ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ወረኢሉና እስከ መካነ ሰላም በሚዘልቀው ደጋ፣ እንቅስቃሴ ራሱ ኑሮ እንጂ ለብቻው የሚያዝ ፕሮግራም አይደለም። ገበያና ለቅሶ በእግር ይደረሳል፤ ገብሱና ባቄላው በበሬ ይታረሳል፤ ውኃው ከምንጭ በጀርባ ይወጣል። በ1888 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ለዐድዋ ዘመቻ የከተተው ወረኢሉ ነበር፤ ከዚያ ወደ ትግራይ የተጓዘውም አብዛኛው በእግሩ ነው።

የእምነት ልማዱም አካልን ያሠራል። ሙስሊሙ በቀን አምስት ጊዜ ሶላት ሲሰግድ፣ ክርስቲያኑ በዐቢይ ጾም ሲሰግድ፣ ወገብና ጉልበት ይታጠፋሉ፤ ሰውነትም ከመሬት ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የብራዚል ጥናት ዕድሜያቸው ከ51 እስከ 80 የሆኑ 2,002 ሰዎችን መሬት ላይ ተቀምጠው እንዲነሡ አድርጎ ነበር። እጃቸውን ወይም ጉልበታቸውን ብዙ ሳያስደግፉ የተነሡት በቀጣዮቹ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ሆኖም ልፋት ሁሉ ስፖርት አይደለም። ያለ በቂ ምግብና ዕረፍት ከባድ ሸክም ዘወትር መሸከም ወገብንና መገጣጠሚያን ይጎዳል። የፊንላንድ መንትዮች ጥናቶችም ብዙ በሚንቀሳቀሱ ሰዎች ዘንድ ለሚታየው ረጅም ዕድሜ ዘርና ሌላው አኗኗር ድርሻ እንዳላቸው አሳይተዋል።

ከ30 ዓመት በኋላ ሰውነት ኦክሲጅንን የመጠቀም አቅሙ በየአሥር ዓመቱ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ልምምዳቸውን ባላቋረጡ ሰዎች ግን ቅነሳው ዝግ ይላል። ማሞ ወልዴ በ36 ዓመቱ የሜክሲኮን የኦሎምፒክ ማራቶን ካሸነፈ በኋላ በ40 ዓመቱ ሙኒክ ላይ ነሐስ አግኝቷል። ቀነኒሳ በቀለ በ41 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ ለንደን ላይ በ2:04:15 ሁለተኛ ወጥቷል።

ለአረጋዊ እንቅስቃሴን ድንገት ማቆም ትልቅ አደጋ ነው። ልጆች ወላጆቻቸውን ወደ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ወስደው «አባባ፣ እርስዎ ይረፉ» ማለታቸው አክብሮት ነው፤ ሰውነት ግን ዋጋውን ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1966 ዳላስ ውስጥ አምስት ወጣቶች ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረገ። ከ30 ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ የሦስቱ ሳምንታት መኝታ ከ30ው ዓመት ዕድሜ የበለጠ የሥራ አቅማቸውን ቀንሶት እንደነበር ታወቀ። በ50ዎቹ ዕድሜያቸው ስድስት ወር ሲለማመዱ የኦክሲጅን አጠቃቀማቸው ወደ ወጣትነታቸው መጠን ተመልሷል።

የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ሁለት ቀን፣ ሚዛን የሚያስጠብቅ ልምምድ ሦስት ቀን ይመክራል። ለብዙ ዓመታት ተቀምጠው ለቆዩትም ጊዜው አያልፍም፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ የአሜሪካ ጥናት እንደሚያሳየው ዘጠና ዓመት ገደማ የሆናቸው የአረጋውያን መጦሪያ ነዋሪዎች በስምንት ሳምንት የክብደት ልምምድ የእግራቸውን ብርታት ከእጥፍ በላይ አሳድገዋል።