የብራውንስተን ድልድዮችና ኬላው

በእንግሊዝ አገር፣ ኖርዝሃምፕተንሺር ውስጥ ብራውንስተን በምትባል መንደር ሁለት ተመሳሳይ የብረት ድልድዮች ጎን ለጎን ቆመዋል። የሠራቸው የሆርስሊ ብረት ፋብሪካ ስም በጎናቸው ላይ ይነበባል። ጎብኚ ሁሉ ውበታቸውን እያደነቀ ፎቶ ያነሣቸዋል፤ የተሠሩት ግን ለፈረስ ነው።

በዚያ ዘመን ጀልባውን የሚጎትተው በቦዩ ዳርቻ የሚሄድ ፈረስ ነበር። ሁለት ቦዮች በተገናኙበት ሥፍራ የፈረሱን መንገድ ውኃ ይቆርጠዋል። የግራንድ ጃንክሽን ቦይ ከኦክስፎርድ ቦይ ጋር የሚገናኘው በሁለት ክንድ ተከፍሎ፣ መሐሉ ላይ ደሴት ትቶ ነው። በየክንዱ ላይ ድልድይ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከ1769 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት የኦክስፎርድ ቦይ በሕግ ተፈቀደ። መሐንዲሱ ጄምስ ብሪንድሊ ኮረብታ ከመቁረጥ ይልቅ የመሬቱን ከፍታ እየተከተለ መጠምዘዝን መረጠ፤ ወጪ ቢቆጥብም መንገዱን አስረዘመው። ግራንድ ጃንክሽን ደግሞ በ1793 ተፈቅዶ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር ካለችው ብሬንትፎርድ እስከ ብራውንስተን ተዘረጋ። የብሊስዎርዝ ዋሻ በ1805 ሲከፈት ቦዩ ያለ ማቋረጥ ለንደን ደረሰ።

ከበርሚንግሃም በዎሪክና ናፕተን ቦይ በኩል ወደ ለንደን የሚወርድ ጀልባ ሁሉ ግን ከናፕተን እስከ ብራውንስተን 8 ኪሎ ሜትር ያህል በኦክስፎርድ ቦይ ላይ መሄድ ነበረበት። የኦክስፎርድ ኩባንያ ይህችን አጭር መንገድ እንደ ጥሩ ኬላ ተጠቀመባት፤ ከበድ ያለ ቀረጥ ይሰበስብባት ነበር። በእኔ ግምት ለኩባንያው ከመሐንዲሶቹ ጥበብ ይልቅ የጠቀመው ይህ አቀማመጥ ነው።

በ1820ዎቹ መጨረሻ የተፎካካሪ ቦይና የባቡር ሐሳብ ሲነሣ ግን ኩባንያው ደነገጠ። ከ1829 እስከ 1834 ባለው ጊዜ የብሪንድሊን ጠመዝማዛ መስመር አቃንቶ 22 ኪሎ ሜትር ያህል አሳጠረው። ድልድዮቹ የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው። መገናኛውም ያኔ ወደ ምዕራብ ተዛወረ፤ የድሮው የቀረጥ ቤት ዛሬ ከድልድዮቹ ራቅ ብሎ የቆመው በዚህ ምክንያት ነው። አልፎ ሂያጅ ጉዳዩን ካላወቀ ኬላው ከመገናኛው ምን እንዳራቀው ግራ ይገባዋል።

ባቡሩ ግን አልቀረም። የለንደንና በርሚንግሃም መስመር በ1838 ተከፈተ፤ ቦዮቹ ዋጋ እየቀነሱ ተፎካከሩት። የዋጋው ቅነሳ ያረፈው በጀልባ ነጂው ትከሻ ላይ ነው። ነጂው የቤት ኪራይ ለማዳን ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ፣ 3 ሜትር ገደማ ርዝመትና ከ2 ሜትር ብዙም የማያልፍ ስፋት ባላት ጠባብ የጀልባ ክፍል ውስጥ ይኖር ጀመር። የ1877 እና የ1884 የቦይ ጀልባ ሕጎች በአንድ ክፍል የሚያድረውን ሰው ቁጥር ለመወሰን ሞከሩ። በ1923 ፌሎውስ፣ ሞርተንና ክሌይተን የተባለው የማመላለሻ ኩባንያ ደሞዝ ሲቀንስ፣ ሠራተኞቹ ጀልባዎቻቸውን ብራውንስተን ላይ አስረው ለ14 ሳምንታት ሥራ አቆሙ። ቦታው ለዚህ የተመቸ ነበር፤ እዚህ የታሰረ ጀልባ በሰሜንም በደቡብም ለሚያልፈው ሁሉ ይታያል።

በ1929 ግራንድ ጃንክሽን ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ግራንድ ዩኒየን ሲሆን እንኳ ያቺ 8 ኪሎ ሜትር የኦክስፎርድ ንብረት ሆና ቀረች። ሁለቱ በአንድ እጅ የገቡት ቦዮቹን መንግሥት በ1948 ሲወርሳቸው ነው። የ1962–63 ክረምት ቦዮቹን በበረዶ ዘግቶ ለጭነት ሥራው የመጨረሻ ምት ሆነ። እዚሁ ብራውንስተን የነበረው ብሉ ላይን የተባለ ድርጅት ግን፣ ሳውዝሆል በተባለ ሥፍራ ላለ የማርማላታ ፋብሪካ ከሰል ማመላለሱን እስከ 1970 ቀጠለ።

ዛሬ በቦዩ ላይ የሚታየው በአብዛኛው የመዝናኛ ጀልባ ነው። የድሮዎቹ ማጠራቀሚያ ኩሬዎች ማሪና ሆነዋል፤ የማሪናው መግቢያ ራሱ ሳይቃና በፊት የነበረው የኦክስፎርድ መስመር ሲሆን፣ በላዩ ሌላ የሆርስሊ ድልድይ አለ። ጀልባ ይዞ የመጣ ሰው ማሰሪያ፣ የመጠጥ ውኃ ቧንቧ፣ ናፍታ፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ማስወገጃና ጀልባ የሚጠገንበት ደረቅ ገንዳ ያገኛል። በጠባቧ ክፍል ልጆቿን ያሳደገች የጀልባ ነጂ ሚስት ከእነዚህ ብዙውን አላየችም። ብራውንስተንን የሚጎበኝ አንባቢ ድልድዮቹን ብቻ አይቶ አይመለስ፤ ጥቂት ይራመድና የቀረጥ ቤቱንም ይይ።