የወየበው ሌንስ

የካሜራ ሌንስ ወደ መስኮት ዘንበል አድርጋችሁ እዩ። የመስኮቱ ምስል ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም ይዞ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ቀለሙ የመስታወቱ አይደለም፤ ከፀጉር በመቶዎች እጥፍ የሚቀጥን ሽፋን የሚሠራው ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከብልሽት ነው። በ1890ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) እንግሊዛዊው ሌንስ ሠሪ ዴኒስ ቴይለር፣ ከዕድሜ ብዛት ገጻቸው የወየበ ሌንሶች ከአዲሶቹ የበለጠ ብርሃን እንደሚያሳልፉ ልብ አለ። ጀርመናዊው ፍራውንሆፈርም በ1817 አሲድ የነካው መስታወት ነጸብራቁ እንደሚቀንስ አይቶ ነበር። ቴይለር በ1904 በኬሚካል ማወየቢያ ዘዴ ፓተንት አወጣ፤ ችግሩ መስታወት ሁሉ እኩል አለመወየቡ ነበር።

የነጸብራቁ ራስ ምታት ቀላል አልነበረም። ያልተሸፈነ መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ 4 በመቶ ያህል ብርሃን ይመልሳል። 6 የተነጣጠሉ መስታወቶች ያሉት ሌንስ 12 ገጽ አለውና 40 በመቶ ያህሉ መንገድ ላይ ይቀራል። የቀረው ብርሃን ደግሞ አርፎ አይቀመጥም፤ ውስጥ ለውስጥ እየነጠረ ምስሉን ያጨፈግገዋል።

በ1935 በጀርመኗ የና ከተማ፣ የሌንስ ኩባንያው የዛይስ ባልደረባ አሌክሳንደር ስማኩላ አየር በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ ሽፋኑን በትነት መቀባት ቻለ። ከሽፋኑ ፊትና ጀርባ የሚመለሱት ሁለት ሞገዶች እንዲጠፋፉ ውፍረቱ የሞገዱ ርዝመት ሩብ መሆን አለበት። ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን ግን ለተራ መስታወት 1.23 ቢሆን ይመረጣል፤ የተገኘው ጠንካራ ሽፋን ማግኒዥየም ፍሎራይድ 1.38 ነው። ተፈጥሮ የሚፈለገውን ቁጥር ሁሉ አላዘጋጀችም።

ስለዚህ መቀላቀል መጣ። በ1939 በዚያው በየና፣ የመስታወት ፋብሪካው የሾት ባለሙያዎች ጌፍከንና በርገር መስታወትን ፈሳሽ ውስጥ ነክሮ በማውጣትና በማጋል ኦክሳይድ የሚቀባበትን ዘዴ በፓተንት አስመዘገቡ። ሲሊካ 1.46፣ ቲታኒየም ኦክሳይድ 2.3 ገደማ ነው፤ የሁለቱን ድርሻ በመለዋወጥ፣ 1.23 ላይ ባይደርስም፣ በመካከላቸው ያለውን ቁጥር ማግኘት ይቻላል። ለእኔ ይህ ከፊዚክስ ይልቅ ወጥ ማቅጠንና ማወፈር ይመስለኛል። ወጡም ይበላሻል፦ ቲታኒየም ኦክሳይድ ብቻውን ሲግል ክሪስታል እየሠራ ብርሃን ይበትናል፤ ሲሊካ ጣል ሲደረግበት ይረጋጋል።

መቀላቀሉ ከሌንስም አልፏል። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 የስበት ሞገድን የያዙት፣ ላይጎ የተባለው የአሜሪካ መመልከቻ ጣቢያ መስታወቶች የተሸፈኑት በፈረንሳይ ሊዮን ነው። ታንታለም ኦክሳይዱ ላይ ቲታኒየም የተጨመረው ለቀለም ሳይሆን የሽፋኑን የሙቀት መንቀጥቀጥ ለማብረድ ነበር። መንቀጥቀጡ ዛሬም ስላልተወገደ ታንታለሙን በጀርማኒየም ኦክሳይድ የመተካት ሙከራ ቀጥሏል።