የበለስ ኮቺኒያል፦ ሻጋታ መስሎ የሚታየው ተባይ

ኮቺኒያል በበለስ አካል ላይ ተጣብቆ ጭማቂውን እየመጠጠ የሚኖር ጥቃቅን ተባይ ነው። ከሩቅ ለሚመለከተው ሰው ሕይወት ያለው ፍጡር አይመስልም፤ የተበተነ ጥጥ ወይም ዱቄት ይመስላል። አርሶ አደሩ ሻጋታ ነው ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። መለያው ግን ቀላል ነው። ነጩን ነገር በእንጨት ሲጨፈልቁት ደም የመሰለ ቀይ ፈሳሽ ከወጣ ኮቺኒያል ነው፤ ሻጋታ አይደማም።

በሥነ ሕይወት አመዳደብ ኮቺኒያል ከነፍሳት መደብ፣ ሄሚፕቴራ ከሚባለው ክፍለ መደብ ይገኛል። አርሶ አደሩ በሚገባ የሚያውቀው ክሽክሽም የዚሁ ክፍለ መደብ አባል ነው። ቤተሰቡ ዳክቲሎፒዴ ሲሆን፣ ወደ ሀገራችን የገባው ዝርያ ሳይንሳዊ ስሙ ዳክቲሎፒየስ ኮከስ ይባላል። በባሕር ዳርቻ ዓለት ላይ ለዘለቄታው ተጣብቀው የሚኖሩት ባለዛጎል ባርናክሎችም የሩቅ ዘመዶቹ ናቸው፤ ሁለቱም ከአርትሮፖድ ወገን ይመደባሉና። ሴቷ ኮቺኒያልና ባርናክል በልጅነታቸው ተንቀሳቅሰው ቦታ ይመርጣሉ፣ ከዚያ በኋላ ግን አይነሡም።

የሴቷና የወንዱ አካል እጅግ ይለያያል። ሴቷ ክንፍ የላትም፤ ሞላላና ለስላሳ ናት፤ ርዝመቷም ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እግሮቿ እጅግ አጫጭር ናቸው። መርፌ መሰል አፏን በበለሱ ልጥ ውስጥ ትሰካና ዕድሜዋን በዚያው ትፈጽማለች። ላይዋን የሚሸፍነው ነጭ ሰም ከፀሐይና ከድርቀት ይጠብቃታል፤ የተረጨ መድኃኒትም በቀላሉ እንዳይደርስባት ያደርጋል። በሰውነቷ ውስጥ ያለው ካርሚኒክ አሲድ የተባለው ቀይ ንጥረ ነገር ጠላቶቿን የምትከላከልበት ነው። ወንዱ በአንጻሩ አንድ ጥንድ ክንፍና ሁለት ረጃጅም የጅራት ክሮች አሉት፤ የሚመገብበት አፍ ስለሌለው ለጥቂት ቀናት ብቻ ኖሮ፣ ተራክቦ ፈጽሞ ይሞታል።

አንዲት ሴት በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ታፈራለች። ከእንቁላል የወጡት ልጆች ጥቂት ጊዜ ይድሃሉ። የሚዛመተውም ያኔ ነው፤ በላያቸው ያለው የሰም ክር እንደ ሸራ ሆኖ ነፋስ ይወስዳቸዋል፣ በእንስሳትና በሰው ልብስም ላይ ይጣበቃሉ።

መኖሪያው የቁልቋል በለስ ቤተሰብ ብቻ ነው። እዚህ ላይ የስም መመሳሰል እንዳያሳስት መጠንቀቅ ይገባል። በተራሮቻችን ላይ የሚበቅለው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈስሰው ሀገር በቀል ቁልቋል ከሌላ ቤተሰብ በመሆኑ ኮቺኒያል አይነካውም። በለስ ግን መጤ ነው፤ የትውልድ ሀገሩ ሜክሲኮ ነው። ተባዩም ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው።

ታዲያ እንዴት ወደ እኛ ዘንድ መጣ? ሳይታሰብ አልገባም። ከደረቀው ተባይ የሚወጣው ቀይ ቀለም ለምግብ፣ ለመዋቢያና ለጨርቅ ማቅለሚያ ስለሚሸጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ገቢ ያስገኛል ተብሎ ወደ ትግራይ ገባ። በደቡብ ትግራይ በራያ አዘቦ አካባቢ ከተራባ በኋላ ግን ለቀማው እንደታሰበው ሳይቀጥል ቀረ፤ ተባዩም ከታቀደለት ቦታ ወጥቶ የአርሶ አደሩን በለስ አጠቃ። አንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ኮቺኒያል እጅግ ብዙ ተባዮችን ይፈልጋል፤ የማያቋርጥ ለቀማ ከሌለ ይህን ያህል የሚራባ ፍጥረት በቁጥጥር ሥር ይቆያል ብሎ ማሰብ፣ በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ከመጀመሪያውም አደገኛ ነበር። በሞሮኮም የቅርብ ዘመዱ የሆነ ሌላ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2014 ታይቶ ሰፊ የበለስ ማሳ አውድሟል።

የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ከትግራይ ጋር ይዋሰናል። ተባዩ ሞቃትና ደረቅ አየር ይስማማዋል፤ ኃይለኛ ዝናብ ደግሞ ልጆቹን ያጥባቸዋል። ስለዚህ ከሰቆጣ ደጋማ ቦታዎች ይልቅ ወደ ተከዜ የሚወርዱት ቆላማ ቀበሌዎች ይበልጥ ይመቹታል። በለስ ፍሬው በክረምት፣ ጎተራ በሚጎድልበት ወቅት ይደርሳል፤ እሾሁ በእሳት ተለብልቦ በበጋ ለከብት ይሰጣል፤ አጥርም ነው፣ አፈርንም ይይዛል። ጉዳቱ በፍሬው ብቻ አይቆምም።

በጥቂቱ ሲታይ በሳሙና ውኃና በመጥረጊያ ማሸት ሰሙን አሟሙቶ ተባዩን ያረግፋል። ክፉኛ የተያዘው ክፍል ተቆርጦ እዚያው በቦታው ይቀበር ወይም ይቃጠል እንጂ ወደ ሌላ ማሳ አይወሰድ። ለተከላ ከሌላ ወረዳ የሚመጣ ቁራጭ ሁሉ በሁለቱም ገጹ፣ በተለይም በእሾሁ ሥርና በመጋጠሚያው ላይ ይመርመር። ነጭ ነገር የታየበት አይተከል፤ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያም በዕለቱ ይነገር።